የበሰበሰው ድስት

በፈረንሳይ አገር በወጥ ቤት እሳት ለምትለበለቢው የልጅ ልጄ ፊሊፓ፤ እንደምን ሰነበትሽ?

በታላቅ ክብር አስታውቅሻለሁ፦ ሐሙስ ምሳ ፖፑሪ በላሁ። አያትሽ ዶሪን መታጠቢያ ቤት ለሽታ ያስቀመጠችውን የደረቀ አበባ ከድንች ጋር ቀቅላ አቀረበችልኝ። ሳሙና ሳሙና ይላል፤ ኤጭ! አሁንም ያቅለሸልሸኛል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ እኮ ለሽታ ነው!» ብላት፣

«ብላ አንተ ሽማግሌ! የወጥ ስም ነው» አለችኝ።

እውነት ነው፤ ፈረንሳዮች ያገኙትን ሁሉ ደባልቀው የሚቀቅሉትን ወጥ «የበሰበሰ ድስት» ለማለት «ፖፑሪ» ይሉት ነበር ብለሽኛል። ስሙን ወስደን ለአበባ የሰጠነው እኛ እንግሊዞች ነን።

ትናንትም ደገመችው። ገናን ሳትጠብቂ ብትመጪ ጥሩ ነው፤ ድስቱን የሚያጥብልን ሰው ጠፍቷል። ዕድሜ ይስጥሽ።

አያትሽ ሲድኒ

አንድ ነገር ዋሽቻለሁ። «የወጥ ስም ነው» አላለችም፤ እኔ ነኝ የፈጠርኩላት። እሷ ያለችው «ሥጋው በስሏል?» ብቻ ነው፤ ድስቱ ውስጥ ግን ሥጋ አልነበረም።