ከላይ ጀምሪ

ጥር 20፣ 2008 ዓ.ም.፣ ጠዋት። እንጅባራ
ውርጭ። ሱቁን ከፈትኩ፤ ገዢ የለም። ሳሙና እየደረደርኩ፦ ማኽተ፣ ካውፍተ፣ ቮንተ። ሠራ፣ ገዛ፣ ኖረ። ጀርመንኛ ያለፈውን ሲያወራ መጨረሻው «ተ» ነው። እዚህ ድረስ ቀላል። አራተኛው ይጠፋኛል። የቋንቋ ፈተናው በወሩ መጨረሻ፣ አዲስ አበባ። ካላለፍኩ ባለቤቴ ጋ መሄድ የለም። ትናንት ከጀርመን ደወለ። ኔትወርኩ ሲቋረጥ ደስ አለኝ። ለምን ደስ አለኝ፣ ማስታወሻዬ?

አባባን አስቤ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ዘንገና ብቻቸውን ናቸው። እሄዳለሁ ካልኳቸው ጀምሮ ስለ ጉዞው ቃል አልተነፈሱም።

ጥር 23። ዘንገና
የዘር ድንች ስንለቅም፣ ቃላቱን ከወረቀት እያየሁ አጉረመረምኩ። አባባ ሰሙ። ወረቀቱን ተቀብለው ተቀመጡበት። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ ዳዊትን በቃላቸው ይደግማሉ።
«ወረቀት ላይ ተኝተሽ አይገባሽም። በይ!»
አልኩ። አራተኛው ላይ ቆምኩ። ወረቀቱን አያቀብሉም።
«ከላይ ጀምሪ።»
የቆሎ ት/ቤት ደንብ ነው፤ የሳተ ከመጀመሪያው። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ከላይ ጀመርኩ። ተናደድኩ። በመጨረሻ ወጣ፦ ቫርተተ።
ምን ማለት ነው? አሉ። ጠበቀ ማለት ነው አልኩ።
ድንቹን መልቀም ቀጠሉ።

ጥር 26። እንጅባራ
ሁሉም በቃሌ ሆነ። አሁን ዓረፍተ ነገር። በጀርመንኛ ጻፍኩ፦ አባቴ ዘንገና ኖረ። አባቴ ጠበቀ። ስህተት የለበትም። መልሼ ሳነበው ሁሉም ያለፈ ነው። በቁማቸው የቀበርኳቸው መሰለኝ። ሰረዝኩት። ፈተናው ይቅር? ባለቤቴም እዚያ ይጠብቃል። ለእሱስ ምን እላለሁ?

ጥር 28፣ ጠዋት
ነገ ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ነበር። ትናንት ለአባባ ደውዬ፣ ይቅርብኝ አልኳቸው። ስልኩ ተዘጋ።
ዛሬ በማለዳ የፈረስ ኮቴ ሰማሁ። እሳቸው ናቸው።
«ያን ሁሉ ከላይ ያስጀመርኩሽ ለመቅረት ነው?»
ብቻዎን ይሆናሉ አልኩ።
«ፈረሱ አለ። ደግሞ እንዳንቺ አይለፈልፍም።»
ሳቅን። ጉልበታቸውን ሳምኩ። መረቁኝ፤ በአማርኛ ጀምረው በአዊኛ ጨረሱ። እናቴን የሚያነሱት በአዊኛ ነው።
አሁን ደጅ ኮርቻ እየጫኑ ነው። የሚሰማቸው ያለ አልመሰላቸውም፤ ያጉረመርማሉ። ማኽተ፣ ካውፍተ፣ ቮንተ… አራተኛው ላይ ቆሙ።
ቃሉን አላቀብልም። በመስኮት ብቅ ብዬ፦ «አባባ፣ ከላይ ይጀምሩ!»
እሄዳለሁ፣ ማስታወሻዬ። አባባም ከላይ ጀመሩ። ማኽተ፣ ካውፍተ…