የእትዬ ‹ምን ጨመሩበት› የሕይወት ታሪክ

የዛሬዋ ተሸኚያችን ከወጌሻ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ በ1949 ዓ.ም. በጥር ወር ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። አባታቸው የተሰበረ የሚያቃኑ፣ የወለቀ የሚመልሱ የታወቁ ሰው ስለነበሩ በረንዳው ከጠዋት ጀምሮ በሚያነክስ ሰው ይሞላ ነበር። ታናሽ ወንድማቸው፣ እህቴ አፏን የፈታችው ‹እማ› ብላ ሳይሆን ‹ወይኔ እግሬን› ብላ ነው እያሉ ይቀልዳሉ። እትዬ ግን በዚህ ቀልድ ሲስቁ ያየናቸው ካረጁ በኋላ ነው።

በ1956 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ገቡ። በትምህርታቸው እጅግ ጎበዝ ነበሩ። የአባት ሥራ ተብለው ሲጠየቁ ግን ‹አትክልተኛ› ብለው አስመዘገቡ። ሰባተኛ ክፍል ሳሉ አንድ ተማሪ ኳስ ሜዳ ላይ ክርኑ ወለቀና መምህራኑ አባታቸውን አስጠሩ። ‹አትክልተኛው› መጥተው የልጁን ክንድ በአንድ ትንፋሽ መለሱት። ትምህርት ቤቱ ሁሉ አጨበጨበ፤ እትዬ ሳምንት ሙሉ አባታቸውን አላናገሩም። አባትየውም ነገሩ ገብቷቸው ሳለ አንድም ቀን አላነሱባቸውም። ይህን የነገሩን ራሳቸው እትዬ ናቸው፤ አባታቸው ከሞቱ ሠላሳ ዓመት አልፎ፣ ይቅርታ የሚሰማ ሰው በሌለበት።

በ1967 ዓ.ም. ጤና ትምህርት ቤት ገብተው በ1970 ዓ.ም. በመድኃኒት ባለሙያነት ተመረቁ። ወዲያው በትልቁ ሆስፒታል ፋርማሲ ተመደቡና እዚያው ቀሩ። ያን መስኮት የማያውቅ እዚህ የለም። መስታወቱ ከታች በግማሽ ክብ የተቆረጠ፣ እጅግ ዝቅ ያለ ስለነበር ረጅም ሰው ምርቃት እንደሚቀበል ጎንበስ ማለት ነበረበት። እትዬ ከመስታወቱ ጀርባ ነጭ ጋዋናቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ እንክብሉን በትሪ ላይ አምስት አምስት እያደረጉ ሲቆጥሩ ሰልፈኛው ሁሉ አብሯቸው በልቡ ይቆጥር ነበር። የሐኪም ጽሑፍ ካልተነበበላቸው አይገምቱም፤ ማዘዣውን ይመልሳሉ። አንድ ዶክተር ሦስት ጊዜ ተመልሶበት በአራተኛው በትልልቅ ፊደል ጽፎ ላከ። እትዬም ‹እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን አንደኛ ክፍል አልፈሃል› ብለው ላኩበት ይባላል። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም መድኃኒት ተሳስተው ሰጥተው አያውቁም።

ነገር ግን እውነቱ መነገር ስላለበት እንናገር። ምላሳቸው እሳት ነበር። ታማሚ ከኪኒኑ ጋር ሌላ ነገር እንደሚወስድ ከሰሙ ሰልፍ ሙሉ ሰው ፊት ያዋርዱት ነበር። ‹ቅጠል ቢያድን ኖሮ ፍየል አይሞትም ነበር› የምትለዋን ንግግራቸውን የሰፈሩ ልጆች ሳይቀሩ በቃላቸው ያውቋታል። ይህን የሚሉት በክፋት አልነበረም። አባታቸውን አትክልተኛ ያደረጉት ያው እፍረት፣ ጋዋን ለብሶ መስኮት ላይ የቆመ ነው። ሰዉ ግን ትምህርቱን ቶሎ ያዘ። የተማረው ቅጠል መተውን ሳይሆን መደበቅን ነበር። እትዬ ሲጠይቁ ሁሉም ‹ኧረ ምንም› ይላል፤ እሳቸውም ሰዉ ተሻሽሏል ብለው ይደሰቱ ነበር።

በ1973 ዓ.ም. ከፍሪጅ ጠጋኙ ከጋሼ ጋር ትዳር መሠረቱ። ‹እሳትን የሚያበርድ ባለሙያ ተገኘ› ብሎ ሰፈሩ ሳቀ። ጋሼ ለቀልድ የማይሰንፉ፣ ሰው የሚወዱ፣ ሥራቸውን ግን ነገ ዛሬ የሚሉ ሰው ነበሩ። ሱቃቸው ውስጥ መለዋወጫ እየጠበቀ ስድስት ዓመት የቆመ ፍሪጅ ነበር። ባለቤቱ ሲመጣ ‹ታሟል እንጂ አልሞተም› ይሉታል። ትዳራቸው ሴት ልጅና ወንድ ልጅ አፍርቶ፣ ልጅቷ መምህርት፣ ልጁ የጭነት መኪና ሹፌር ሆነዋል።

በ1998 ዓ.ም. ጋሼ ልባቸውን ታመሙና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ታዘዘላቸው። እትዬ ቤታቸውን ሁለተኛ ፋርማሲ አደረጉት። የኪኒኑን ሰዓት ግድግዳ ላይ ለጠፉ፤ በየወሩ ደም ሲመረመሩ ውጤቱን ከዶክተሩ ቀድመው ያዩ ነበር። ሰባት ዓመት አንድም ችግር አልገጠመም። በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ጋሼን ጉልበታቸው አሠቃያቸው። ከልባቸው መድኃኒት ጋር የማይስማማ ስለሆነ ሐኪሙ ጠንካራ ማስታገሻ አልሰጣቸውም። ጋሼም ማነከሱን ችለው ዝም ያሉ መስለው ነበር። በጥቅምት ወር፣ ከምሳ በኋላ፣ ካቻቢቴ በእጃቸው እንደያዙ ሱቃቸው በር ላይ ወደቁ። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ዐረፉ።

እትዬ ሱቁን ሲያጸዱ ያን ስድስት ዓመት የቆመ ፍሪጅ ከፈቱት። ውስጡ ግማሽ የደረሰ የማርማላታ ጠርሙስ፣ ከነማንኪያው ተቀምጧል። ሽታው ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በማር መሆኑን ለዩ። ሌላ ምን ተጨምሮበታል፣ ስንት ጠርሙስ አልቋል፣ በቀን ስንት ጊዜ ተወስዷል የሚለውን ግን ጠርሙስ አይናገርም። ዶክተሩም ደም ከሚያቀጥን መድኃኒት ጋር ብዙ ሲወሰድ ሊያሠጋ እንደሚችል፣ መጠኑ ሳይታወቅ ግን ምንም ማለት እንደማይቻል ነገራቸው።

ከዚያ እትዬ ጠርሙሱን በፌስታል ይዘው ቤት ለቤት ዞሩ። እያንዳንዳችን በር ላይ ቆመው ያሉት አንድ ነገር ነበር፤ ‹ልወቅስ አይደለም የመጣሁት። ማወቅ ነው የምፈልገው። ማን ሰጠው፤ ስንት ስንት ይወስድ ነበር?›

ሁላችንም ‹ኧረ እኛ ምንም አናውቅም› አልን። እትዬ ያን መልስ በመስኮቱ በኩል ሠላሳ አምስት ዓመት ሲሰሙት ኖረዋል። ውሸት መሆኑ የገባቸው ያን ቀን ይመስለኛል። ለልጃቸው፣ ‹አባትሽ በሽታውን አልፈራም፤ የፈራው እኔን ነው› ብለዋታል።

ወደ ሥራ ሲመለሱ ሌላ ሰው ሆነው ተመለሱ። የመስኮቱን ፊት ትተው በጎን በር ሁለት ወንበር አስቀመጡ። ታማሚውን አስቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ‹በላዩ ላይ ምን ጨመሩበት?› ይላሉ። ‹ምንም› ሲባሉ፣ ‹እኔም ቤት ዝንጅብል አለ› ይሉና ይጠብቃሉ። መጀመሪያ ሰዉ ወጥመድ መስሎት ነበር። ቀስ በቀስ ግን የተደበቀው ከየጉያው መውጣት ጀመረ። ብልቃጡ፣ ዱቄቱ፣ በመሃረብ የተቋጠረ ሥር። ለስኳር ኪኒን እየዋጠ መራራ ቅጠል የሚጨምር፣ ለግፊት የታዘዘለትን ትቶ ጭማቂ ብቻ የሚጠጣ ተገኘ። እትዬ ሁሉን በደብተር እየጻፉ ለሐኪሞቹ ማቅረብ ያዙ። እሳቷ ይባሉ የነበሩት ሴት ‹ምን ጨመሩበት› የሚለውን ስም ያተረፉት ያኔ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ከከፍተኛ ትምህርት የተመለሰች አንዲት ዶክተር የእትዬን ደብተሮች አይታ፣ በሆስፒታሉ ዘመናዊውንና ባህላዊውን አጣምሮ የሚሰጥ የቅንጅት ሕክምና ክፍል እንዲከፈት ለአለቆቿ አመለከተች። የተሰጣቸው የድሮው የአልጋ ልብስ መጋዘን ነበር። ቀለም ተቀብቶ ሦስት አልጋ ገባበት። በአንዱ ቀጫጭን መርፌ ቆዳ ላይ በመትከል (አኩፓንክቸር) የሚያክሙ ባለሙያ፣ ኬሞ የተባለውን የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ ታማሚዎችን ማቅለሽለሽ ያስታግሳሉ፤ በሌላው ማሳጅና የአተነፋፈስ ልምምድ ይሰጣል። ዩኒቨርሲቲው ታማሚዎች የሚጠጧቸውን ቅጠላ ቅጠሎች በላቦራቶሪ ለመመርመር ተስማማ። በሦስተኛው አልጋ ዘንድ፣ ከአጥንት ሐኪሙ ጎን፣ ራጅ ሳይታይ እጃቸውን የማያሳርፉ አንድ ወጌሻ ተቀመጡ፤ የአባታቸውን ሙያ የያዙት የእትዬ ታናሽ ወንድም። ወንድማቸው ነጭ ጋዋን የለበሱ ቀን እትዬ አንገትጌያቸውን አስተካክለውላቸው፣ ‹ይሄ ልብስ ለአባባ ነበር የሚገባው› ብለው ወደ መጋዘኑ ጓሮ ወጥተው አለቀሱ። በዚያ ክፍል አንድ ሕግ ነበር፤ የሐኪም መድኃኒት አስጥሎ ቅጠል የሚሰጥ አይገባም፣ የሚወስደውንም የሚደብቅ አይኖርም።

በ2009 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ፤ ግን በኮንትራት ስድስት ዓመት ቀጠሉ። በመጨረሻው ዓመት ጥያቄውን የሚጠይቅ ኮምፒዩተር መጣ። ታማሚው ተጭኖ ይመልሳል፤ የማይስማማ ነገር ካለ በቀይ ይበራል። እትዬ ለሁለት ሳምንት አኮረፉት። ኋላ ግን የመልሶቹን ብዛት አይተው፣ ‹ለእኔ በሠላሳ ዓመት ያልነገሩኝን ለሳጥን በሦስት ደቂቃ ነገሩት። ሳጥን አይሳደብማ› አሉ።

በ2016 ዓ.ም. የማህፀን ካንሰር ተገኘባቸው። ባቋቋሙት ክፍል ታካሚ ሆነው ገቡ። ኬሞ ይወስዳሉ፤ ለማቅለሽለሹ መርፌ ይተከልላቸዋል፤ ወንድማቸው እግራቸውን ያሹላቸዋል። እኛ ጎረቤቶች ደግሞ ፍቅራችንን በጠርሙስ መግለጽ እንወዳለን። ያልመጣ ጭማቂ፣ ያልተወቀጠ ዘር አልነበረም። እትዬ ሁሉን ተቀብለው፣ አመስግነው፣ የሰጪውን ስም ጽፈው ለዶክተሯ ያሳያሉ። ዶክተሯ አብዛኛውን ትሰርዛለች። ‹ምስጋናው እንዳለ ነው፤ ጠርሙሱን ውሰጂ› እያሉ ይመልሱ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. በጥር ወር ፀጉራቸው በእፍኝ መርገፍ ስለጀመረ መላጨት ፈለጉና እኔን አስጠሩ። እኔ ይህን ጽሑፍ የማነብላችሁ የጋሼ ሱቅ ጎረቤት ፀጉር አስተካካዩ ነኝ። በሳሎናቸው፣ በመስኮቱ ብርሃን፣ አንሶላ አልብሼ ከኋላቸው ቆሜ ስላጭ ነበር። ፊታቸውን ስለማላይ ይሁን አላውቅም፣ አሥራ ሁለት ዓመት የያዝኩት ነገር ከአፌ ወጣ። ያን ጠርሙስ ለጋሼ የሰጠሁት እኔ ነበርኩ። ለጉልበታቸው ብዬ፣ ከአክስቴ የተማርኩትን። በር ላይ ሲጠይቁኝም የዋሸሁት እኔ ነበርኩ።

እትዬ አልዞሩም። ‹የሻይ ማንኪያ ነው የሾርባ?› አሉ።

‹የሾርባ ነው፣ እትዬ።›

‹በቀን?›

‹ሦስቴ። ስድስት ሳምንት። ሌላ ነገር አልነበረበትም።›

ልጃቸውን ጠርተው አስጻፏት፤ ቀኑንና መጠኑን ደግመው አስነበቧት።  መላጫውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

‹ጨርስ እንጂ። ግማሽ ራስ ይዤ ልሙት?› አሉኝ። ስጨርስ፣ ‹አንተም እንደሱ ፈርተኸኝ ነው?› ብለው ጠየቁኝ።

‹አዎ› አልኳቸው።

‹እንግዲያው ግማሹ የእኔ ነው።›

ወረቀቱ ለዶክተሯ ደረሰ። ዶክተሯ ቤት ድረስ መጥታ፣ ያን ያህል መጠን ከዚያ መድኃኒት ጋር አደገኛ ሊሆን እንደሚችል፣ ለሞታቸው ምክንያት መሆን አለመሆኑን ግን ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ማንም ሊያረጋግጥ እንደማይችል ነገረቻቸው። ጋሼ ገና ሲጀምሩት ተነግሮ ቢሆን ኖሮ ደማቸው ተመርምሮ፣ ወይ ጠርሙሱ ይቀር ወይ ኪኒኑ ይስተካከል ነበር። እትዬ አዳምጠው፣ ‹ስድስት ሳምንት ነበረን› አሉ።  በማግስቱ አስጠርተውኝ የሕይወት ታሪካቸውን እንድጽፍ፣ ይህንንም ሳልዘል እንዳስገባ አዘዙኝ። ቤተሰቡ አይሆንም ሲል፣ ‹ሰው ሳያቋርጥ የሚሰማው ቀብር ላይ ብቻ ነው› ብለው አስፈቀዱ።

እትዬ ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ልጆቻቸውና ወንድማቸው በተሰበሰቡበት፣ በ68 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የሁለት ልጆች እናትና የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታናሽ ወንድማቸውን፣ የሥራ ባልደረቦቻቸውን፣ እንዲሁም በር ላይ ቆመው ሲጠይቁን እውነቱን የነፈግናቸውን ጎረቤቶቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ለቤተሰባቸው መጽናናትን፣ ለእኛም ጊዜው ሳያልፍ የምንናገርበትን አንደበት ይስጠን። ፈጣሪ የእትዬንና የጋሼን ነፍስ፣ ሰው ሲጠየቅ ከማይፈራበት ቦታ አብሮ ያሳርፍልን።