ቀኝ እጄ ያሳረፋት ጄት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ባልሽስ፣ ያቺ ጉንጫም ልጅሽስ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ደግሞ እንደ ልማድሽ ከንፈርሽን አትምጠጪ፣ የእውነቴን ነው።

ባለፈው መጥተሽ የሸሚዜን ቁልፍ እየቆለፍሽልኝ፣ አባዬ በአንድ እጅ ብቻህን መኖር አትችልም፣ ለፋሲካ መጥቼ እወስድሃለሁ ያልሽው እስካሁን ያንገበግበኛል። ካዛንቺስን ለቅቄ አንቺ ሳሎን ውስጥ እንደ ቁም ሳጥን ልገተር? አላደርገውም!

ስትሮኩ ቀኝ እጄን ከጣለው ወዲህ ሐኪሙ ጭመቅ ብሎ የሰጠኝን የጎማ ኳስ ታውቂዋለሽ። ጠላሁት። አንድ ቀን ግን ደብዳቤዬን የምትጽፍልኝ ሰብሪና፣ ያቺ ከቤታችን ፊት ለፊት ጌም ቤት ያላት፣ ጋሼ ይቺን አውሮፕላን ያውቋታል ወይ ብላ ጠራችኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ባይ፣ ሴበር! በወጣትነቴ ደብረ ዘይት ላይ ያበረርኳት ተዋጊ ጄት ራሷ። እንባዬ መጣ፣ ምን እደብቅሻለሁ።

ቀኝ እጄን በግራዬ አንስቼ ጆይስቲኩ፣ መሪ ዘንጉ ላይ አስቀመጥኩት፤ ግራዬ የሞተሩን ኃይል መጨመሪያ ያዘ። መነሳቱን ተነሳሁ፣ የጠላት ጄትም መትቼ ጣልኩ። ማሳረፉ ላይ ግን ጉድ ፈላ። ማኮብኮቢያው አለቀብኝና ባሕር ውስጥ ገባሁ። በማግስቱም ባሕር። በሳምንቱም ባሕር። ጌም ሊጫወቱ የሚመጡት የሰፈሩ ጎረምሶች፣ አባባ ለምን ዋና አይማሩም እያሉ ሳቁብኝ። እኔም ቀኝ እጄን ሰደብኩት። አንተ የማትረባ፣ ለካ ልጄ ልክ ናት አልኩት።

በቃ ልተወው ብዬ ተነሳሁና መልሶ እልህ ያዘኝ። ሰብሪናን አጠገቤ ቁጭ ብለሽ እጆቼን ብቻ እዪ አልኳት። አየችና፣ ጋሼ ቀኝዎ ምንም አላጠፋ፣ መሬት ሲቀርቡ የሞተሩን ኃይል የሚጨምረው ግራዎ ነው አለችኝ።

ክው አልኩ። እኔ የለመድኩት የደጋ አየር ነው። ደብረ ዘይት አየሩ ስስ ስለሆነ ጄቷን የሚሸከማት ስትፈጥን ብቻ ነው፣ ስታርፊ መሬቱ እየሮጠ ይመጣብሻል። የጌሙ ሜዳ ግን የባሕር ጠረፍ ላይ ነው። መሬቱ ቀስ ብሎ ሲመጣ ዓይኔ ፍጥነት አነሰህ፣ ልትወድቅ ነው ይለኛል፣ ደህናው እጄም ኃይል ይጨምራል። አጥፊው ሌላ፣ የሚሰደበው ሌላ!

ትናንት ግራዬን አደብ አስገዛሁት። መሬቱን ማየት ትቼ የፍጥነት መለኪያውን እያየሁ፣ በቀኜ ቀስ አድርጌ አሳረፍኳት። ጎረምሶቹ አጨበጨቡ። እኔ ቀኝ እጄን ይቅርታ ጠየቅኩት።

ለፋሲካ ነይ። ግን ልትጠይቂኝ እንጂ ልትወስጂኝ አትምጪ። ባቡር ጣቢያው ቆሜ እቀበልሻለሁ። ሸሚዜንም ራሴ ቆልፌ ነው የምመጣው።

እመቤቴ ከክፉ ነገር ሁሉ ትሰውርሽ፣ የልጅሽን ወግ ማዕረግ ታሳይሽ። ሰብሪና እንደ ሁልጊዜው ልጻፍልዎ ብላ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ መጥታ ነበር። ወረቀቱንም እስክሪብቶውንም ተቀበልኳትና ወደ ሥራዋ ሸኘኋት። ፊደሎቹ ቢንጋደዱብሽ ታገሺያቸው።

የማትወስጂው አባትሽ