ደረቅ ምግብ ለቡላ

ነሐሴ 28፣ ጠዋት
ውሻዬ ቡላ ዛሬም ቁርሱን ተወ። ሳህኑን አሸተተና ዞሮ ተኛ። ማስታወሻዬ፣ ፈርቻለሁ። ውሻ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ በዚህ ግቢ ከኔ ጋር የሚተነፍስ እሱ ብቻ ነው። በሩ ላይ እሱ ከሌለ እንቅልፍ የለኝም።

ምግቡን ወንድሜ ታምሩ ነው ከአዲስ አበባ በከረጢት የሚልከው። ድርቅ ያለ፣ ሽንብራ የሚያክል ፍሬ። ለውሻ ጤና ተብሎ በፋብሪካ የተመጠነ ነው ይላል። አልፎ አልፎ ጥሬ ሥጋና አንጀት የሚጥልለት ሥጋ ሻጩ ጎረቤቴ ጋሽ ሽኩር ግን ሲያየው ይስቃል፤ ወላሂ የዶሮ መኖ ነው አለኝ። እኔም ደረቁን ማቅረብ ነውር ስለሚሆንብኝ ቅቤ ጠብ አደርግበታለሁ።

ጳጉሜን 3፣ ከሰዓት
አስመለሰው። ቢጫ። ሆዱን ስነካው ያቃስታል።

ታምሩ ጋ ደወልኩ። ፋብሪካህ ውሻዬን ሊገድልብኝ ነው ብዬ ጮህኩበት። እሱም ባሰበት፤ የሽኩር ጥሬ ሥጋና አንጀት ነው ትል የሚያስገባው፣ አለ። ስልኩን ዘጋሁበት። ከረጢቱን ጓሮ ወረወርኩት። በቃ! ከዛሬ ጀምሮ ቡላ የተፈጥሮ ነው የሚበላው።

መስከረም 1፣ ማታ
እንኳን አደረሰህ ማስታወሻዬ! በላ! ጋሽ ሽኩር ያመጣለትን ቀይ ሥጋ በቅቤ ለውሼ ሰጠሁት፣ ሳህኑን ላሰው። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

መስከረም 3፣ ጠዋት
ምን ነበር አፌን ባልከፈትኩ። አይነሳም። ድዱ ነጥቷል። ጌታ ሆይ፣ አትውሰድብኝ።

መስከረም 3፣ ማታ
ባጃጅ ለምኜ የእንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድኩት። ምን ይበላል አለኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ በፊት ፋብሪካው፣ አሁን የተፈጥሮው። የትኛው ነው የገደለው ብዬ አለቀስኩ። ገና አልሞተም አለኝ። ለረጅም ዕድሜ የቱ እንደሚሻለው በእርግጠኝነት አልነግርሽም፤ የከረጢቱም ጥሩ ከሆነ ክፋት የለውም፣ የቤቱም ተቀቅሎና ተመጥኖ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ጥሬው ግን ያሰጋል አለ።

ከዚያ፣ በምን ነው የምትሰጪው አለኝ። ገረመኝ። በቅቤ ነዋ! ነጭ ሽንኩርት፣ ኮረሪማ ገብቶበት በነጠረ። በደረቁም ላይ? አለኝ። በደረቁማ ይብስ! ጉራጌ ቤት ደረቅ ምግብ ለማን ይቀርባል?

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ቅባቱ ቆሽቱን አሳርሮታል፣ ነጭ ሽንኩርቱ ደግሞ ደሙን እየጎዳው ነው አለኝ። ሰው ቆሽቴ አረረ ሲል እሰማለሁ። የውሻዬን ቆሽት ያሳረርኩት ግን እኔው ነኝ፣ በፍቅር! መርፌ ወጋው። ይተርፋል ወይ ስለው፣ እናያለን ብቻ አለ።

መስከረም 10፣ ማታ
መቆም ጀምሯል፣ ግን እግሩ ይንቀጠቀጣል። ሰፈሩ በሙሉ ለመስቀል ቅቤ እያነጠረ ነው። ዱሮ ደስ የሚለኝ ሽታ፣ ዛሬ ያስፈራኛል። ከታምሩ ጋር ታርቀናል፤ ለበዓሉ ይመጣል። ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ አንዱ ለጽድቅ ብሎ ክትፎ ቢያጎርሰውስ? ስለዚህ ወስኛለሁ፦ የመስቀል ዕለት ቡላን ጓዳ እዘጋበታለሁ። የሚቀየም ይቀየም።

ዛሬ ሩዝና ቀይ ሥጋ ቀቀልኩለት። ጨው የለው፣ ቅቤ የለው። ሳስቀምጥለት አፈርኩ። ለጠላት እንኳ እንዲህ አይቀርብም። ቀና ብሎ አየኝ፤ ቅቤውን እየጠበቀ ነው። የለም ቡላዬ፣ አልኩት፣ ከእንግዲህ ከኔ እጅ ደረቅ ነው። ማየቱ አቃተኝና ገባሁ።

በረንዳው ጭጭ ብሏል። ካልበላስ? ሐኪሙ መብላት አለበት ብሏል። ዛሬም ከተወው እኔ

ሳህኑ ተንኳኳ። እየበላ ይሆን? ቆይ፣ ልየው።