የኃላፊዬ ወንበር

ማክሰኞ፣ የካቲት 18፣ መሐል ሜዳ

ዛሬ የሠራሁት ደግ ይሁን ጥፋት አልገባኝም። እዚህ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ኢንተርንሺፕ ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ኃላፊዬ ስብሰባ ሲሄዱ፣ ብርዱ ቢብስብኝ ፀሐይ የሚያገኘው የሳቸው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት አዛውንት በእርሻ ድንበር ተጣልተው ገቡ። ተማሪ ነኝ ብላቸውም "ግድ የለም፣ ይዳኙን" አሉኝ። በአያቶቼ ዕድሜ ያሉ ሰዎች አንቱ ሲሉኝ ብርዱ ቀርቶ ላብ አጠመቀኝ። የድንበሩን ድንጋይ ማን እንዳነሳው ስጠይቅ፣ ለካ አንዳቸውም አላዩም። "ጎርፍ ይሆናላ!" አሉ አንደኛው። ድንጋዩን አብረው እንዲመልሱ ስፈርድ ታርቀው፣ መርቀውኝ ወጡ።

ኃላፊዬ ሲመለሱ በኩራት ነገርኳቸው። "በማን ሥልጣን?" አሉኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ፖለቲካል ሳይንስ ተምሬ ወደ ወንበሩ ጠቆምኩ። ነገ ሁለቱንም ጠርቼ ዳኝነቱ አይጸናም እንድላቸው አዘዋል። እርቁንስ? ተመልሳችሁ ተጣሉ ልበላቸው?