ሮባ የሚወጣበት ሰዓት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

የሂሳብ ፈተና ነበር። እንደነገሩ ሠራሁ። ስመለስ በቴሌቪዥን ጣቢያው በኩል አለፍኩ... እግሬ ለምዶ ነው። ወንድሜ ሮባ እዚያ ሲሠራ ምሳውን የማደርስለት እኔ ነበርኩ። ማስተላለፊያ ክፍሉ ተቀምጦ ዜናውንም ማስታወቂያውንም በእጁ ቁልፍ እየተጫነ ያስተላልፋል። ለምሳ እንኳ አይነሳም። "ጣቴ ካልነካው ናዝሬት ምንም አታይም" ይለኝ ነበር። ጉረኛ።

ከዚያ ኮምፒውተሩ መጣ። ሰዓት ይሞሉለታል፣ ራሱ ያስተላልፋል። ሮባን "አንተ መስክ ውጣ" አሉት። የመስክ መኪናው መተሐራ ጋ ተገለበጠ። ሌሎቹ ተረፉ።

ወንበሩ ላይ ቢተዉት ኖሮስ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

የጣቢያው ኃላፊ አቶ ኪዳነወልድ ቤት መጡ። "ወይዘሮ ዘውድነሽ፣ በአርባው ዕለት ፎቶውን በዜናችን እናወጣለን። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት።" እማዬ አለቀሰች። ሮባ ያንን ሁሉ ዘመን የሰው ፊት ሲያወጣ የሱ ፊት አንድ ቀን ወጥቶ አያውቅም።

ፎቶውን ራሷ መረጠች። ቆቃ ዳር ዓሣ ይዞ የሚስቅበትን። ጉርድ ፎቶው ይሻላል አልኩ። "ዝም በል! ልጄ እንዲህ ነው።"

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

አርባው ዛሬ ነበር። የሁሩታ ዘመዶቻችን ምሳ በልተው ሊመለሱ ነበር፤ ለፎቶው ብለው አመሹ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። ዜና። የሽንኩርት ዋጋ። ስፖርት። አለቀ።

"ማል ተኤ? ምን ሆነ?" አለ አጎቴ ፈይሳ። እማዬ አልተነሳችም። የሳሙና ማስታወቂያ ታያለች።

ውሸታሞች!

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ጠዋት ጎሚስታው ጋሽ ጫምሳ ጠራኝ። "ስማ፣ ወንድምህን ትናንት በቴሌቪዥን አየሁት እኮ! ዓሣውን ይዞ። ቀትር ላይ፣ ጎማ ስለጥፍ።"

ቀትር?

ትምህርቱን ትቼ ጣቢያው ሄድኩ። የሮባ የሥራ ጓደኛ የነበረችው ልዩ፣ ኮምፒውተሩን አየችና ከንፈሯን ነከሰች። ለካ የሚሠራው በፈረንጅ ሰዓት ነው። የኛ የምሽት አሥራ ሁለት ለሱ አሥራ ስምንት ነው። እነሱ አሥራ ሁለት ብለው ሞሉት። በቀትር አወጣው። ቤታችን ሰው ምሳ ሲበላ፣ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ...

"ማን ነው የሞላው?"

"እኔ አይደለሁም።"

አቶ ኪዳነወልድ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። "ሲስተሙ ነው የኔ ልጅ።"

ሲስተሙ! ሮባን ከወንበሩ ያስነሳው ሲስተሙ። መስክ የላከው ሲስተሙ። እዚያ ቤት ሰው የለም እንዴ? ሮባ ሲሳሳት ግን "ማነው?" ይባል ነበር። ያውም እየተጮኸበት።

"እሺ፣ ዛሬ ማታ ድገሙት" አልኳቸው።

"የማታው ሰዓት ለማስታወቂያ ተሸጧል።"

ተሸጧል!

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ቀትር ላይ ጋሽ ጫምሳ እጁ ግሪስ እንደሆነ እየሮጠ መጣ። "ዘውዴ! ክፈቺው! ቴሌቪዥኑን ክፈቺው!"

ከፈትኩት። ሮባ። ዓሣውን ይዞ ይስቃል። ከሥር ስሙ። እማዬ መስታወቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣ ጭጋግ ያለበት ይመስል።

"ትናንትም ወጥቷል" አለ ጋሽ ጫምሳ። አሁን ገባኝ። በየቀኑ እንዲወጣ አድርገው ሞልተውታል። ሁለተኛ ጥፋት! ሰኞ ሄጄ ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ሰኞ አልሄድኩም። ትናንትም።

በየቀኑ ይወጣል፣ አንድም የጣቢያው ሰው አላየውም። የራሳቸውን ጣቢያ አያዩም! ኮምፒውተሩ ያስተላልፋል፣ እነሱ ምሳ ይበላሉ። ከሁሉም የሚያናድደኝ ይኸ ነው። ሮባ ዓይኑን ነቅሎ አያውቅም ነበር።

ዛሬ ለምሳ ስወጣ ልዩን ጣቢያው በር ላይ አገኘኋት። "አቶ ኪዳነወልድ ጠይቂው ብለውኛል። ሌላ ቅሬታ አላችሁ?"

አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ስድቡ ሁሉ።

"የለንም" አልኳት። ሮጥኩ።

እማዬ ሱቋን ዘግታ፣ ምሳውን ቴሌቪዥኑ ፊት አቅርባለች። ጋሽ ጫምሳም አለ።

"የት ቆየህ? ቶሎ ታጠብ" አለችኝ። "ወንድምህ ሊመጣ ነው።"