ከሞተሩ ጋር የተላከ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣ ለተረበኛው። የማዕድን ጉድጓዱ ጨለማ ሳቅህን እንዳልወሰደብን ተስፋ አለኝ። እኛ ካንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነን። እማዬ ወገቧን ተሽሏታል፤ ምላሷማ መች ታሞ ያውቃል!

እኔ ያው ኮምፒውተር ላይ ሞተር ሳሽከረክር እውላለሁ። ገና ሳይመረት ስንት ኤሌክትሪክ እንደሚስብ፣ ምን ያህል እንደሚግል፣ ጭነት ሲበዛበት እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ በስሌት አያለሁ። ወደ ጉድጓዱ የሚያወርዳችሁን አሳንሰር አዲስ ሞተር የሞከርኩትም እኔ ነኝ። ሞተሩ የሚቀመጥበትን ክፍል ሙቀት ሃያ አምስት ዲግሪ ብዬ አስገባሁ፤ የእኛ ቢሮ እንደዚያ ነዋ! አለፈ፤ ፈረምኩ።

ትናንት የድሮ ደብዳቤህን ሳገላብጥ «የሞተሩ ክፍል እሳት ነው፤ ሸሚዝ አውልቀን ነው የምንሠራው» ያልከውን አየሁ። አሁንም ታወልቃላችሁ? ዛሬ ጠዋት በአርባ አምስት ዲግሪ ደግሜ አሽከረከርኩት፤ አላለፈም። ምሳም ሳልበላ ዋልኩ። አለቃዬ ጋ ብሄድ «ሞተሩ መኪና ላይ ተጭኗል፤ ፊርማው ደግሞ ያንቺ ነው» አለኝ። ስልክህ ላይ ሰባት ጊዜ ደወልኩ፤ ምነው ዘጋኸው? እንግዲህ ደብዳቤውን ለጭነት መኪናው ሾፌር ሰጠሁት፤ ሞተሩንም የሚያመጣላችሁ እሱ ነው።

እማዬ ፎቶህን አይታ «ልጄ ሆዱ ገፋ» ብላለች። ወደ ጉድጓዱ ሦስት መቶ ሃያ ደረጃ አለ ብለኸኝ አልነበር? በደረጃው ውረድ፣ በደረጃው ውጣ። ጓደኞችህንም ይዘሃቸው ውረድ። ብትስቁብኝም ግድ የለም።

ሰላምታዬ ከሞተሩ ቀድሞ ይድረስህ።

እህትህ